የመሻገሪያው ሹም ቦት ጫማ

ዘመኑን አሳስቼ፣ የወንዙንም ስም ዘንግቼ እንደሆን ሰሚ ይቅር ይበለኝ፤ የሰማሁት ግን እንዲህ ነው። አንበሳ ሞቶ ሥልጣኑ ለጉባኤ በተላለፈበት አንድ ጫካ፣ ከርከሮ የመሻገሪያ ሹም ነበር።

ሹመቱ ቀላል አልነበረም። በዚያ ወንዝ አሸዋው ከዓመት ዓመት ቦታ ይለውጣል። ክረምት ሊገባ ሲል አውሬው ሁሉ ሣር ወዳለበት ማዶ መሻገር አለበት፤ ካልተሻገረ ረሃብ ነው። ከርከሮ በባዶ እግሩ ቀድሞ ገብቶ ጽኑውን ከረግረጉ በሰኮናው ይለያል፣ ሌላው ዱካውን ይከተላል። ሰባት ክረምት ይመስለኛል፣ ማንም አልሰመጠም።

በስምንተኛው ጉባኤው «ሹማችን ባዶ እግሩን መሄዱ ለእኛ ነውር ነው» አለ። ጦጣ ከከተማ አንድ ጥንድ ቦት ጫማ አመጣች።

«የወንድ ነው፣ ንጹሕ ቆዳ። ለዘወትርም ለሽርሽርም ይሆናል፤ ለአጭር ዳገትም አይሰንፍም። ውሃማ ጠብታ አያስገባም» አለች።

የጉባኤው ሰብሳቢ ጎሽ አሸተተው። «የሩቅ ዘመድ ይሸተኛል» አለ። ነገሩ ቃለ ጉባኤ ውስጥ አልገባም።

የከርከሮ እግር አራት፣ ጫማው ሁለት ነበር። ሦስት ቀን ተመከረ። «ሹም የሚታየው ከፊት ነው» ተብሎ ለፊት እግሮቹ ተወሰነ።

ከርከሮ መጀመሪያ ደስ አለው። ሰኮናው ሲሞቀው፣ መንገደኛውም «ጌታው» ሲለው፣ የሰባት ዓመት ብርድ የተካሰለት መሰለው።

የመሻገሪያው ቀን ግን ሁለት እርምጃ ገብቶ ቆመ።

«ምነው፣ አያ ከርከሮ?» አለች ግልገሏን ይዛ ከኋላው የቆመችው ድኩላ።

«ታቹ አይሰማኝም። አሸዋ ይሁን ጭቃ መለየት አቃተኝ።»

«ውሃ ገባብህ?» አለ ጎሽ ከዳር ሆኖ።

«አልገባም ጌታዬ፣ ግን…»

«ካልገባ ምን ሆንህ?»

«ባወልቀው…»

«ጉባኤው ያጠለቀልህን? በሕዝብ ፊት?»

ጦጣ ከዛፍ ላይ ሆና «እኔስ ወንድ መስሎኝ ነበር ያመጣሁለት!» ብላ ሳቀች።

ከርከሮ ዞሮ ግልገሏን አየ። «እናንተ ዳር ቁሙ፣ ብቻዬን ልሞክረው» አለ። ሦስተኛውን እርምጃ ሲረግጥ መሬቱ ከዳው። ውሃው በጫማው አፍ ገብቶ ሞላ። ውሃ የማያስገባ ጫማ፣ አንዴ በአፉ ከገባበት አያስወጣም። ጎርፉ ይዞት ወረደ።

በማግስቱ አንዱ ጫማ ዳር ላይ ተገኘ። ጉባኤው መረመረው፤ «ስፌቱ አላስገባም» ተብሎ ጦጣ ተመሰገነች። ሌላውን ጫማ የሚፈልግ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሹሙን የሚፈልግ አልተቋቋመም። በወዲህኛው ዳር ያለው ሣርም አለቀ።

ከርከሮ ግን ጫማዎቹ ከእግሩ ወልቀው ከታች በማዶ ወጥቶ ኖሯል። ሐምሌ ሦስት ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ በባዶ እግሩ እያዳመጠ እስከ ወንዙ መሃል መጣ።

«ጽኑው በዚህ ነው! ነገ ይሞላል፣ ዛሬውኑ ኑ!»

«ጫማህስ?» አለ ጎሽ።

«የለኝም ጌታዬ።»

ጎሽ ወደ አውሬው ዞረ። «ባዶ እግሩን የመጣ ሹም አይደለም። ኮሚቴው እስኪመለስ እንጠብቅ።»

ሁሉም ቁጭ አለ። ድኩላ ብቻ ግልገሏን አስከትላ ገባች፣ ተሻገረችም።

«ሌሎቹስ?» አላት ከርከሮ።

«ተዋቸው፣ አያ ከርከሮ» አለች። «ጫማ የሚያይ መንገድ አያይም።»

ሌሊቱን ዘነበ፤ ወንዙም ሞላ። ከወዲህኛው ዳር ወሬ የተሰማው እስከ ሐምሌ ሦስት ብቻ ነው።