የክንፉ ሰዓት

ሄዶበት የማያውቀውን አገር ርቀት ቆርጦ የሚናገር ሽማግሌ የሌለበት ሰፈር ካለ፣ እዚያ ሰፈር ገና ሰው አልገባም ማለት ነው። የደብረ ብርሃኗ አልታየች ጎረቤት፣ የየብስና የሰማይ መንገዶች ሊቀ ሊቃውንት ጋሽ ወልደተንሣኤ፣ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ከአንኮበር አልዩ አምባ ገበያ በቅሎ ሲነዱ ነው። አዲስ አበባን እንኳ አላዩአትም። ሞስኮ የት ናት ቢባሉ ግን በከዘራቸው ያሳያሉ፤ ብዙ ጊዜ ወደ መዘዞ በኩል ነው። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ገብተው የሃቫናን ርቀት ሲያስረዱ፣ ለቀስተኛው ሟቹን ረስቶ ተነሥቶ ሄደ።

የአልታየች ባል ገብረአብ የትራክተር ጥገና ሊማር ሞስኮ ሲሄድ እሷ ነፍሰ ጡር ነበረች። አሁን ወለተሐና «አባባ» ማለት ጀምራለች፤ የምትለው ግን ግድግዳ ላይ ለተሰቀለው ፎቶ ነው። ገብረአብ ሐሙስ ጠዋት ቦሌ ይገባል ተባለ። አልታየች የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከበሩ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው ፊት የልጁ እንዲሆን።

«ከሞስኮ ቦሌ የስምንት ሰዓት መንገድ ነው አሉ» አለቻቸው፣ ማንን እያናገረች እንደሆነ ረስታ።

«እሱ የክንፉ ሰዓት ነው» አሉ ጋሽ ወልደተንሣኤ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ። «ሁለት መቶ ጊዜ አልዩ አምባ ወርዶ እንደ መውጣት ያለ መንገድ እኮ ነው። የበቅሎዋ ሰዓት ሌላ፣ የጭነቱ ሰዓት ሌላ። ዕቃ አይጫንም? ሰው አይበላም? ኬላስ?»

«ጋሼ፣ ሰማይ ላይ ምን ኬላ አለ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በዚህ ዘመን ኬላ የሌለበት መንገድ አይተሻል?»

ጣታቸውን እያጠፉ ለነዳጅ ጨመሩ፣ ለጉም ጨመሩ፣ ለሰላምታ ጨመሩ። «ሐሙስ ወደ ማታ፣ አሥራ አንድ ሰዓት። ጠዋት ከሄድሽ ስትጠብቂ ትውያለሽ፣ ልጄ።»

አልታየች ግን ረቡዕ ዕለት አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ልታድር ተነሣች። ሊቀ ሊቃውንቱ አውቶቡስ ተራ ድረስ መጥተው በመስኮት አንድ ቋጠሮ ዳቦ ቆሎና የሱፍ ብርድ ልብስ ወረወሩላት። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው» አሉ።

ሐሙስ ጠዋት ቦሌ ላይ አውሮፕላን የለም። ለነዳጅ ያረፈበትን ከተማ ጉም ይዞታል ተባለ። አጠገቧ የቆመች ሴትዮ «የስምንት ሰዓት መንገድ ነው ብለውን አልነበር?» ብላ ስታማርር፣ አልታየች ዳቦ ቆሎ እየዘገነችላት «እሱ የክንፉ ሰዓት ነው፣ እቴ። ጭነቱስ?» ስትል የገዛ ድምፅዋን ሰማች። ከሰዓት በኋላ የተቀባዩ ግማሽ የጋሽ ወልደተንሣኤን ዳቦ ቆሎ ይቆረጥማል፣ ወለተሐና ብርድ ልብሱ ላይ ተኝታለች፣ አልታየች ቆማ ስለ ኬላ ታስረዳለች።

አውሮፕላኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አረፈ። ገብረአብ ብቅ ሲል ልጅቷ አፏ ቆሎ እንደሞላ ትክ ብላ አየችው፤ ፎቶው ከግድግዳው ወርዶ እግር ያበቀለ መስሏት መሰለኝ። «አባባ» አለችው።

በማግስቱ ደብረ ብርሃን ሲወርዱ ጋሽ ወልደተንሣኤ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። እንኳን ደህና መጣህ አላሉም።

«በስንት ሰዓት ገባ?»

ገብረአብ አፉን ሲከፍት አልታየች እግሩን ረገጠችው።

«አሥራ አንድ፣ ጋሼ» አለች። «ልክ አሥራ አንድ።»

ሊቀ ሊቃውንቱ አልደነቃቸውም። ልጅቷን ተቀብለው ፊት ፊት መሩ።