እንዲህ ያለ ባል የት አለ?

የኮሜዲ ድራማ ተቺ ጎረቤት አላችሁ? ከሌላችሁ አሶሳ ኑና የኔን ውሰዱልኝ።

ባለፈው እሑድ እዚያው ጎረቤቴ ጋሽ ደምሴ ቤት ቁጭ ብለን ድራማ ስናይ፣ የድራማው ባል አጠገቡ ያለውን ሪሞት እንድታቀብለው ሚስቱን ከጓዳ ጠራት። ጋሽ ደምሴ ሶፋቸው ላይ ተንጋለው ነደዱ።

«አጋነኑት! እንዲህ ያለ ባል የት አለ? ማስታወቂያውስ ቢሆን፣ መች በሰላም ያሳያል?»

ይህን ሲሉ ሁለት እግራቸውን ወደ ላይ ሰቀሉ፤ ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ ቀዩን አቧራ ከሥራቸው እንዲወለውሉ ነው። እግራቸው እንደተሰቀለ፣ እጃቸው ሥር ወዳለው የጓሮ ማንጎ በአገጫቸው አመለከቱ።

«ዘኔ፣ እስቲ እሷን ላጥ አርገሽ አቀብይኝ።»

እትዬ ዘነቡ መወልወያውን ተደግፈው ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ ይሄን ድራማ በየቀኑ ነው የማየው፤ ያውም ያለማስታወቂያ።»