የጊንጥ መርዶ

ጉዳዩ በጠቅላላው አንድ ጎረቤት አስከፍሎኛል። ካዛንቺስ፣ ከሱቄ አጠገብ ሞባይል የሚጠግነው ፍቅሩ፣ ከሞቃት አገር የመጣ ጥቁር ጊንጥ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያሳድግ ነበር። ጊንጥ የሚያሳድግ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔማ «ምኑ ይወደዳል?» ብዬ ጠይቄዋለሁ።

«የት ጠፋህ አይለኝም» አለኝ።

ወልቂጤ ያሉት እናቱ ግን በየቀኑ እየደወሉ የት ጠፋህ ይሉታል፤ እሱም ስልኩን ገልብጦ ያስቀምጠዋል። አንዳንድ ሰው ለካ የሚጠላው ብቸኝነትን አይደለም፣ መጠየቅን ነው።

ዕቃ ሊገዛ አዳማ ሲሄድ የቤቱን ቁልፍ ለእኔ ሰጠኝ። በማግስቱ መብራት ሄደ፤ ጊንጡን የሚያሞቀው አምፖልም ጠፋና ብርዱ ገደለው። ታዲያ ሞት በስልክ ይነገራል? ፍቅሩ አምሽቶ በተመለሰ ማግስት፣ ሣጥኑን ገና ልብ ሳይለው፣ እንደ ደንቡ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ይዤ ጎህ ሲቀድ በሩን አንኳኳሁ። መርዶ ነው ስላቸው ጋቢያቸውን ደርበው ተከተሉኝ እንጂ ማን እንደሞተ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

ፍቅሩ ሦስታችንን በር ላይ ሲያይ መሬት ላይ ተዘረፈጠ።

«እናቴ» አለ። «ሦስት ቀን ሙሉ ስትደውል አላነሳሁላትም።»

«ኧረ ተው ፍቅሩ፣ እናትህ ደህና ናቸው። ጊንጡ ነው የሞተው።»

አንደኛው ሽማግሌ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ሰውዬ፣ ለጊንጥ ነው ከአልጋዬ ያስነሳኸኝ?»

ፍቅሩ ግን አልሳቀም፣ አልተሳደበም። በዚያው ጠዋት ወልቂጤ ወርዶ እናቱን ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ በሱቄ ደጅ ሲያልፍ ሰላም አይለኝም።

ሒሳቡ ሲዘጋ፣ ጊንጡ የለም፤ እናትየው አሉ።