ቢላዋ በሌለበት ጎመኑን ማን ይክተፈው?

የቢላዋ መራጭ ኮሚቴ የመጀመሪያ፣ እግዜር ካለም የመጨረሻ፣ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ የልጃችን ምግብ ቤት በሚከፈትበት ዕለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት
ቦታ፦ የምግብ ቤቱ ማድ ቤት፣ በድንቹ ጆንያና በሳህን ማጠቢያው መካከል

የተገኙ፦
1. የልጅቷ አባት፣ ሰብሳቢ። ዕድሜያቸውን በንብረት ክፍል ኃላፊነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ።
2. እናቷ፣ አባል። ምግቡን የሚያበስሉት እሳቸው ናቸው።
3. ልጅቷ፣ የምግብ ቤቱ ባለቤት። የቢሮ ሥራዋን የለቀቀችው ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማይገባበት ምግብ ቤት ለመክፈት ነው።
4. የእናቷ ወንድም፣ ባለ ልኳንዳ። ሥጋ ሻጭ እዚህ ምን ይሠራል ተብለው ሲጠየቁ "ታዲያ ስለ ቢላዋ ሐኪም ልትጠይቁ ነው?" ብለው ወንበር ስበዋል።
5. የአባቷ ታናሽ ወንድም፣ ጸሐፊ። ሥራውን ሌላ ሰው ስላልፈለገው በሙሉ ድምፅ ተመርጧል።

ያልተገኘ፦ የልጅቷ ታላቅ ወንድም "ሥራ ላይ ነኝ" ብሏል። ማንኮራፋቱ ከጎን ክፍል ስለሚሰማ "በከፊል የተገኘ" ተብሎ ተይዟል። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ አንድ፦ የስብሰባው ምክንያት

ልጅቷ እንዳስረዳችው፣ ዛሬ በሰባት ሰዓት የቀድሞ የቢሮ ባልደረቦቿ ለምሳ ይመጣሉ። ሥራዋን ስትለቅ "ሰው ሣር ልታበዪ ነው?" ብለው የሳቁባት እነዚሁ ናቸው። ዛሬ ካፈረች ሳቁ ዕድሜ ልክ ይከተላታል። ስለዚህ ከምግቡ እስከ ዕቃው የሚያሳፍር ነገር እንዳይኖር፣ አካባቢን የማይጎዱና ዘላቂ የሆኑ ቢላዋዎች እንዲመረጡላት ጠይቃለች። እናት "አሁን ልክተፍ ወይስ ልሰብሰብ?" ሲሉ፣ ሰብሳቢው "ሁሉም በሥርዓቱ" ብለዋል።

አጀንዳ ሁለት፦ ነባር ንብረት ስለማስወገድ

ሰብሳቢው አሮጌ ንብረት ሳይወገድ አዲስ ንብረት እንደማይመረጥ ገለጹ። ይህ ደንብ በእሳቸው ዘመን አንድም ቀን አልተጣሰም። ጸሐፊው በዚሁ ደንብ የተነሣ መሥሪያ ቤቱ አንድ ክረምት ሙሉ ያለ ወንበር መሥራቱን ቢያስታውስም፣ ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሎ ታልፏል።

ልጅቷ፣ በማድ ቤቱ ያሉት ቢላዋዎች ሁሉ ከቤት የመጡና ሥጋ ሲቆርጡ የኖሩ ስለሆኑ ሐሳቡን ደግፋለች። በዚህ ጊዜ እናት እጀታዋ በክር የታሰረ ትንሽ ቢላዋ ከጀርባቸው ሲደብቁ ታዩ። "ይቺ እንኳ ሥጋ ነክታ አታውቅም" አሉ። ወንድማቸው "እትዬ፣ ባለፈው ሳምንት ጉበቱን የከተፍሽልኝ በጥፍርሽ ነው እንዴ?" ሲሉ መሰከሩ። እናት "ያበላሁህ እጄ ይቆረጥ!" ብለዋል፤ በምን እንደሚቆረጥ ግን አልገለጹም።

ከብዙ ውይይት በኋላ ቢላዋዎቹ ሁሉ ለባለ ልኳንዳው እንዲሰጡ ተወሰነ። እሳቸውም ውሳኔው ሳይቀዘቅዝ ይዘዋቸው ወጡ፤ መኪናቸው ውስጥ ቆልፈውባቸው እጃቸውን እያራገፉ ተመለሱ።

አጀንዳ ሦስት፦ የመምረጫ መስፈርት

ልጅቷ ለናሙና አንድ የሴራሚክ ቢላዋ አቀረበች። ሰብሳቢው የጥንካሬ ፈተና ያስፈልጋል ብለው ከጠረጴዛ ላይ ጣሉት። አላለፈም። ስብርባሪው በመጥረጊያ ተሰብስቧል።

ቀጥሎ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ የሚሠራ ቢላዋ ቀረበ። ልጅቷ አዲስ ብረት ስለማይፈልግ ደግ ነው አለች። ሰብሳቢው መኪናው በአገልግሎት ዘመኑ ከብት ጭኖ ያውቅ እንደሆነ ይጣራ አሉ። ባለ ልኳንዳው "ሹፌሩስ ቁርሱን ምን ይበላ ነበር? እሱም ይጣራ እንጂ!" በማለት ሐሳቡን አጠናክረዋል። ሁለቱም እንዲጣሩ ተወሰነ።

እጀታን በተመለከተ አጥንት ያለ ክርክር ወደቀ። እንጨት ሲባል እናት "ለበሬው ያዘንሽ ለዛፉ አታዝኚም?" ብለው ጠየቁ። ልጅቷ በራሱ ከወደቀ ዛፍ እንደሚሠራ ብትመልስም፣ ሰብሳቢው ዛፉን ማንም ሳይገፋው መውደቁን የሚመሰክር ሰው እንዲፈለግ አዘዋል። ይህም ከረጅም ውይይት በኋላ ጸደቀ።

አጀንዳ አራት፦ አስቸኳይ

እናት አምስት ሰዓት መሆኑን፣ ዱባው ሙሉ፣ ጎመኑ ሙሉ፣ ድንቹም ከነጆንያው መሆኑን ለጉባኤው አሳወቁ። ባለ ልኳንዳው "ለዱባ ደግሞ ቢላዋ!" ብለው በቡጢ መቱት። ዱባው አልተጎዳም፤ እሳቸው እጃቸውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክረው ስብሰባውን ቀጥለዋል። ጸሐፊው ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ አንድ ጥቅል ጎመን በሳህን ይሰጠው ያለው ሐሳብ ደጋፊ አላገኘም።

ልጅቷ ጎመኑን በእጇ መቦጨቅ ጀመረች። ዓይኗ እንባ ሞላ። ሽንኩርቱ ገና ስላልተላጠ እሱ ላይ ማሳበብ አልተቻለም። "አባዬ፣ ቢላዋው ያስጨነቀኝ እንዳይስቁብኝ ብዬ ነበር። አሁን በባዶ ሳህን ሊስቁብኝ ነው" አለች።

ሰብሳቢው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የተወገደ ንብረት ተመልሶ የሚገባበት ደንብ እንደሌለ አስረዱ። እናት "እንግዲያው ደንብህን ቀቅለህ አቅርብላቸው!" ብለው ተነሡ፤ ወንድማቸውንም "ቁልፍ!" አሏቸው። ወንድማቸውም "እኔማ መጀመሪያም አደራ መስሎኝ ነው" ብለው እየሮጡ ወጡ።

ቢላዋዎቹ በፈላ ውኃ ታጥበው ለአባላቱ ታደሉ። ስብሰባውን መዝጋት ማንም ስላላስታወሰ ከዚህ በኋላ ያለውም የስብሰባው አካል ነው። ባለ ልኳንዳው ጎመኑን እንደ ፀጉር አድርገው ከተፉት። ሰብሳቢው አንድ ካሮት ልጠዋል።

ምሳው በሰዓቱ ቀረበ። የልጅቷ የቀድሞ አለቃ ሁለት ጊዜ ካስጨመሩ በኋላ "ይህን ጎመን እንዲህ የከተፈው ማነው?" ብለው ጠየቁ። ልጅቷ "ሥጋ ሻጩ አጎቴ ነው" ብላ እውነቱን ተናገረች፤ ቀድማ የሳቀችውም እሷው ናት። ከዚያ ጠረጴዛው በሙሉ አብሯት ሳቀ።

እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ፣ ከአጀንዳ አንድ እስከ አራት የተወሰነው በሙሉ፣ ይህን ኮሚቴ ያቋቋመው ውሳኔ ጭምር፣ እንዲሻር በአራት ድምፅ ተወሰነ። ሰብሳቢው ለመሻር መጀመሪያ ሌላ ስብሰባ መጠራት አለበት ብለው ተቃወሙ። ልጅቷ የሳህኑን ክምር አሳይታ ስፖንጁን እጃቸው ላይ አኖረችላቸው። "በማን ትእዛዝ?" አሉ።

"በምግብ ቤቱ ባለቤት፣ አባዬ።"

ስብሰባው በዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ሰብሳቢው እጅጌያቸውን ሲሰበስቡ፣ ተነሣ።