የዘይነባ ተራ

ሰው ኢንተርኔት ሲፈጥንለት አያመሰግንም፤ ሲዘገይበት ግን የዘረጋውን ሰው ዘር ማንዘሩን ይራገማል። እኔም ከተራጋሚዎቹ ነበርኩ፤ የእህቴ ልጅ ኒካሕ እስከታሰረበት ቀን ድረስ።

እህቴ ዘይነባ ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ልጇ ሰሚራ ያደገችው እዚህ መካነ ሰላም፣ እኔ ዘንድ ነው። ዘይነባ ለኒካሑ መምጣት ስላልቻለች፣ አሠሪዎቿ ለምሳ እስኪቀርቡ ድረስ ብቻ በቪዲዮ እንድታይ ተፈቅዶላታል። ከዚያ በኋላ ስልክ የለም።

ለመሆኑ ወሎ ውስጥ ለእንግዳ ፓስወርድ ይከለከላል? ከአጅባር የመጣውም ከወረኢሉ የመጣውም ጫማውን አውልቆ ሳይቀመጥ የቤታችንን ዋይፋይ ሰጠሁት። የረሳሁት ነገር፣ የእያንዳንዱ እንግዳ እህት ወይም ልጅ ዓረብ አገር መሆኗን ነው። ኒካሑን የሚያስሩት ሼህ እንድሪስ ምክሩን፣ ኹጥባውን፣ ሲጀምሩ እንግዳው ሁሉ ስልኩን ቀስሮ ለየዘመዱ ማሳየት ያዘ። የዘይነባ ፊት ተቆራረጠ፣ ጠፋ።

የእህቴ ፊት ጠፋ ብዬ ልራገም ወደ ኢንተርኔት አቅራቢው ደወልኩ። ያነሳው ቴክኒሻን ግን አፌን አስያዘኝ። መስመሩን ከሰፈሩ ጋር ነው የምትጋሩት አለኝ፤ ፊቷ በትንንሽ ቁራጭ ተበጣጥሶ ከጎረቤት የኳስ ጨዋታ፣ ከሌላው ፊልም ጋር ይመጣል፤ ሲጨናነቅ ብዙ የሚስበውን ገታ እያደረግን ሁሉንም በተራ እናሳልፋለን። ሱብሃነላህ! የእህቴ ቅንድብ ከተከላካዩ ጉልበት ጋር ተሳፍሮ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ፣ ሳይሳሳት ግንባሯ ሥር ይወርዳል! ይህን እያሰብኩ ስድቤን ረሳሁት። ቤታችሁ ውስጥ የተከፈተውን ስልክ ግን እናንተው ቀንሱ አለኝ።

ለሼህ እንድሪስ ነገርኳቸው። ኹጥባቸውን ገታ አድርገው፣ «ያ ጀመዓ፣ ስልካችሁን ዝጉ፤ መጀመሪያ እናትየዋ ትይ። አብሽሩ፣ ሁላችሁም በየተራችሁ ታሳያላችሁ» አሉ። ያን ያህል እጅ አንድ ላይ ወደ ኪስ ሲገባ አይቼ አላውቅም።

ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። ኒካሑ ታሰረ፤ ዱዓ ተደረገ። ሰሚራ ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ እማ ይታይሻል ወይ አለች። ዘይነባ አፏን በሻሿ እንደያዘች ቀርታለች። ምስሉ ደግሞ ቆመ ብዬ፣ የምሳው ሰዓት እየደረሰ ነውና፣ በንዴት መልሼ ደወልኩ። ቴክኒሻኑ ፈትሾ መስመሩ ንጹሕ ነው፣ የሚያግደው ምንም የለም አለኝ።

ዋሸኝ ብዬ ምስሉን ደግሜ አየሁት። ከዘይነባ በላይ፣ ጣራው ላይ፣ ማራገቢያው ይሽከረከራል። መስመሩ ደህና ነበር፤ ደርቃ የቀረችው እህቴ ናት።