ላጤ በጅምላ

ቀስበል፦ ቀስ በል እስኪ። ኤፒ ነው ወይስ አይደለም?

ሊቁ፦ ኤፒአይ ነው አልኩህ።

ቀስበል፦ ይኸው! "ኤፒ" ትልና መልሰህ "አይ" ትላለህ። ኤፒ ካልሆነ ታዲያ ማነው?

ሊቁ፦ ሰው አይደለም። አንድ ላይ ነው የሚጠራው፤ ኤፒአይ።

ቀስበል፦ እሺ፣ አትቆጣ። እኔ ምን ቸገረኝ፤ አይ ካልክ አይ ነው።

[እሁድ ከሰዓት ነው። ሊቁ ሳሎኑ ውስጥ ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ ጭኖ ተቀምጧል። ማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ነው የሚሠራው። "ሊቁ" ያሉት የቢሮው ሰዎች ሊያሾፉበት ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀበለው። አጠገቡ ያለው የሚስቱ ወንድም ነው። በርና መስኮት ይገጥማል፤ ምንም ቢነግሩት "ቀስ በል" ስለሚል ስሙ እዚያው ቀረ። ሁለቱን አንድ ሶፋ ላይ ያስቀመጣቸው የአማትየው ጭንቀት ነው። የመጨረሻዋ ልጃቸው ሳታገባ መቆየቷ እንቅልፍ ነስቷቸዋል፤ ልጂቱ እንኳ ደህና ትተኛለች። ምሳ ላይ ይህ ወሬ ሲነሳ ሊቁ ደረቱን ነፋ። የከተማውን ላጤ በሙሉ እስከ ማታ ሰብስቤ፣ አበጥሬ፣ ምርጡን አወጣለሁ አለ። አማትየው መርቀውት ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከምርቃት በኋላ ደግሞ መመለሻ የለም። ሚስቱ ጓዳ ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች።]

ሊቁ፦ ስማኝ። ሰዎች ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ስለ ራሳቸው የሚሞሉት ነገር አለ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ ያገባ፣ ያላገባ። ፕሮፋይል ይባላል። ኤፒአይ ማለት ያንን ሁሉ የምንቀበልበት መስኮት ነው።

ቀስበል፦ [ፊቱ በራ] በለው፣ መስኮትማ የኔ ሥራ ነው። ተከፋች ነው ተንሸራታች?

ሊቁ፦ ምሳሌ ነው እኮ።

ቀስበል፦ ምሳሌም ቢሆን በደንብ ካልተገጠመ ንፋስ ያስገባል።

ሊቁ፦ ተወው። በመስኮቱ በኩል "የዚህን ከተማ ወንዶች ስጠኝ" እለዋለሁ። እሱ ደግሞ ሁሉንም በአንዴ አይሰጥም፤ መቶ መቶ እያደረገ በጭነት በጭነት ነው የሚልከው።

ቀስበል፦ መቶ ሰው በአንድ ጭነት? ትራፊክ ዝም ይላችኋል?

ሊቁ፦ ሰዎቹ አይመጡም። የሚመጣው መረጃቸው ነው።

ቀስበል፦ ታዲያ ልጂቱ የምታገባው መረጃውን ነው?

[ሊቁ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ከሚስቱ ጋር ከአንድ ማሕፀን መውጣቱ ይገርመዋል። ቁልፉን ተጫነ። የመጀመሪያው ጭነት ገባ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ከዚያም እየተከታተለ ጎረፈ። ቀስበል ስሞቹ ሲወርዱ አይቶ፣ ሰዎቹ እንደምናያቸው ያውቃሉ ወይ ሲል ጠየቀ። ሊቁ በራሳቸው እጅ የሰቀሉት ነው፣ ገበና ቢሆን ኖሮ ይደብቁት ነበር ብሎ አረጋጋው። ወዲያው ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ፤ ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለ።]

ቀስበል፦ ምን ሆነ?

ሊቁ፦ ምንም። ጥያቄ አበዛህ፣ ትንሽ አረፍ በል ነው የሚለኝ።

ቀስበል፦ ጎበዝ ማሽን ነው። እኔ ስንት ዓመት ልልህ ፈልጌ አፍሬ የተውኩትን።

[አረፉ። ማሽኑ ሲታረቃቸው ማበጠሩ ተጀመረ። ያገቡት ተጣሉ። ሥራ የሌላቸው ተጣሉ። የሚያጨሱትን አማትየው አይፈልጉም፤ እነሱም ሄዱ። እናታቸውን በፕሮፋይላቸው ያላመሰገኑ ሁሉ ለእኛ ልጅ አይሆኑም ተብለው ተሰናበቱ። ቀስበል ደግሞ፣ በር ሲገባ ጉበኑ አናቱን የሚመታው ረጅም ሰውም ይቅር ብሎ ነበር፤ ቁመት ግን አልተመዘገበም። በመጨረሻ ሦስት ቀሩ። ሊቁ እነማን እንደሆኑ እንኳ ሳያይ እጆቹን አሻሸና፣ አሸናፊውን ራስህ አንብብ ብሎ ኮምፒውተሩን ለቀስበል አቀበለው፤ ሚስቱ እንድትሰማም ድምፅህን ከፍ አድርግ አለው።]

ቀስበል፦ የመጀመሪያው... ላጤ። አያጨስም። ሥራ፦ ጥበቃ። [ጠጋ ብሎ አየ] ውሻ ነው።

ሊቁ፦ ምን?

ቀስበል፦ ውሻ ነው። ፕሮፋይሉን ባለቤቱ ከፍቶለት ነው፤ እናቱን ሳይቀር አመስግኖለታል። መልኩ ግን ደህና ነው።

ሊቁ፦ እለፈው።

ቀስበል፦ ሁለተኛው የሶፋ መሸጫ ነው። ላጤ ይላል፤ እናቱን ያመሰግናል እሱም።

ሊቁ፦ እለፈው አልኩህ። ማሽኑ ምርጡን መጨረሻ ነው የሚያስቀምጠው፤ ሦስተኛው ነው ዋናው።

ቀስበል፦ ሦስተኛው... ላጤ። ዕድሜ ሠላሳ አንድ። ሥራ፦ ዋና ሥራ አስኪያጅ። አያጨስም። "እናቴ ሁሉ ነገሬ ናት" ይላል። የሚወደው፦ ባሕር፣ ግጥምና እውነተኛ ፍቅር።

ሊቁ፦ አየህ? እንዲህ ዓይነቱን ሰው ሽማግሌ ዓመት ዞሮ አያገኘውም።

ቀስበል፦ ጥቁር መነጽር አድርጎ መኪና ተደግፏል። ቀስ በል እስኪ... ይሄ ሸሚዝ የኔ ነው።

ሊቁ፦ ሸሚዝ ይመሳሰላል።

ቀስበል፦ አውሼህ ያልመለስክልኝ ነው።

[የሊቁ ጆሮ ጋለ። አንድ ሰሞን ከአለቃው ተጣልቶ፣ እሱም አለቃ መሆን አምሮት የከፈታት ፕሮፋይል ነበረች። ዕድሜውን ትንሽ አራገፈ፤ ዕድሜው ሲራገፍ ትዳሩም አብሮ ተራገፈ። ማንንም አላነጋገረባትም፤ ረስቷትም ነበር። አሁን ግን የከተማው ወንድ ሁሉ ተበጥሮ እሱ ብቻ ወንፊቱ ላይ ቀርቷል። ጓዳ ውስጥ የካውያው ድምፅ ቆመ።]

ሊቁ፦ [በሹክሹክታ] ዝጋው። አልተገኘም በል። በሞቴ፣ አንተ ሞኝ ምስኪን ሰው ነህ፤ አንተን ታምንሃለች።

ቀስበል፦ እንዴት አልተገኘም እላለሁ? ስንቱን ጭነት ያወረድነው ለዚህ አይደል?

[ሚስትየው በሩ ላይ ቆማለች። መጥታ ከወንድሟ ትከሻ በላይ ጎንበስ አለችና ከላይ እስከ ታች አነበበች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ባሕር የምትወደው ዋና ሳትችል ነው ወይ ብላ ባሏን ጠየቀችው። በዚህ መሐል የቀስበል ስልክ ጮኸ፤ አማትየው ናቸው።]

ቀስበል፦ አቤት እማዬ። አዎ፣ ጨርሰናል፣ አንድ ሰው ተገኝቷል። ሥራ አለው። አያጨስም። እናቱን ይወዳል። ሰፈሩማ ቅርብ ነው፤ እንደውም አጠገቤ ነው። ላጤ ነው ወይ? [ወደ እህቱ ዞሮ በዓይኑ ጠየቃት፤ እሷ ባሏን አየችው፣ ኮምፒውተሩን አየችው፣ እጇን አጣምራ ግድግዳውን ተደገፈች] እማዬ፣ ትንሽ ታገሺ። እያሰበችበት ነው።