ቢጫው አይነቀል

በዓለም ላይ ስህተት የሌለበት መሥሪያ ቤት አለ ቢባል ማን ያምናል? አለ። እኔ ነኝ ያለ መርማሪ መጥቶ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች ቢያገላብጥ እንከን አያገኝበትም። እንዲህ ያለ ክብር ዝም ብሎ አይገኝምና፣ እንዴት እንደተገኘ ለትውልድ እንዲተላለፍ እነሆ ሳንጨምር ሳንቀንስ እናወራለን።

ነገሩ የጀመረው ከመዋቅር ጥናት ነው። ሰባት አጥኚዎች ለአምስት ወር ሲሰበሰቡ ከርመው፣ መሥሪያ ቤቱ ሁለት አራሚዎች እንዳሉት ደረሱበት። አንደኛዋ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ደብዳቤ የሚያርሙ ሴት ናቸው። ሁለተኛው ግቢ ውስጥ አጎንብሶ አረም የሚያርም አትክልተኛ ነው። አጥኚዎቹ የመደቡን ስም እንጂ ሥራውን እንዲያዩ አልታዘዙም። ስለዚህ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሁለት አራሚ ብክነት ነው ብለው ሁለቱን አዋሐዷቸው። አራሚ፤ ብዛት፣ አንድ፤ የሥራ ቦታ፣ ግቢ። ውድድር ወጣና ዲፕሎማ ያላቸው ሴትዮ አሸነፉ። አትክልተኛው በር ጥበቃ ላይ ተመደበ።

ሴትዮዋን ሰው ሁሉ «እትዬ አራት ነጥብ» ይላቸዋል፤ አንድ ጊዜ ከተናገሩ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በቀይ እስክሪብቷቸው የስንቱን ኃላፊ ገበና ሸፍነዋል። «ክቡርነትዎ» ለማለት «ክብደትዎ» ተብሎ ሊላክ የነበረን ደብዳቤ ከታሸገ ፖስታ ውስጥ ቀደው ያወጡ እሳቸው ናቸው። ጡረታ ለመውጣት የቀራቸው ዘጠኝ ወር ብቻ ነው። የአዲሱ መደብ ደንብ ግን በሦስት ወር ውስጥ ምዘናውን ያላለፈ ሠራተኛ ይሰናበታል ይላል። ምዘናው ደግሞ በኪሎ ነው። የታረመው አረም ከረጢት ውስጥ ገብቶ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ከመቶ ኪሎ ካነሰ ደህና ሁኑ። እትዬ አራት ነጥብ ይህን ሲሰሙ አንጀታቸው አረረ። ቢሆንም ዋጥ አደረጉትና፣ ባለ ተረከዙን ጫማቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ወደ ግቢ ወረዱ።

ደግነቱ ግቢው አረም ሞልቶታል። የተማሩት ዳንዴሊዮን የሚሉት፣ አትክልተኛው ግን «ቢጫው» ብሎ የሚጠራው አበባ ሣሩን፣ የድንጋዩን መንገድ ስንጥቅ፣ የባንዲራውን ምሰሶ እግር ሳይቀር ወሮታል። መቶ ኪሎ ምን አላት ተባለ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊም ከመስኮታቸው ቁልቁል አይተው ተናደዱና በገዛ እጃቸው ረቂቅ ጻፉ፦ «በግቢው የሚገኘው ቢጫ አበባ በአስቸኳይ ይነቀል።»

ረቂቁ ለጸሐፊዋ ተሰጠ። በጸሐፊዋ አይፈረድም። ከዚያ ቢሮ ከሚወጣው አሥር ደብዳቤ ዘጠኙ አይፈቀድም፣ አይቻልም፣ አይመለከተንም የሚል ነው፤ ጣቷ ማንም ሳያዘው «አ» ላይ ያርፋል። በዚያ ቀንም አረፈ። «በግቢው የሚገኘው ቢጫ አበባ በአስቸኳይ አይነቀል» የሚል ደብዳቤ ወጣ። ኃላፊው እንደ ልማዳቸው ሳያነቡ ፈረሙ፣ ማህተም ተመታ፣ ግልባጩ ለአምስት ክፍል ተበተነ። አራሚዋ በዚህ ጊዜ ግቢ ውስጥ መቆፈሪያ እየሳሉ ነበር።

እትዬ አራት ነጥብ ደብዳቤውን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲያዩት ሳቃቸው መጣ። በአስቸኳይ የማይነቀል ነገር በዕድሜያቸው ሙሉ አንብበው አያውቁም። ወዲያው ወደ ሰው ኃይል ኃላፊው ሄዱ። ልጅ እግር ነው፤ ደንብ ግን እንደ ውዳሴ በቃሉ ይወጣዋል። ስህተት መሆኑን አስረዱት።

«እትዬ፣ ስህተት ነው ለማለት እኮ አራሚ መሆን ያስፈልጋል» አላቸው።

«እና እኔ ምንድን ነኝ?»

«የግቢ አራሚ። ወረቀት ላይ ያለ ስህተት ከሥራ መደብዎ ውጭ ነው።»

«እሺ፣ ወረቀቱን ወስጄ ሣሩ ላይ ልጣለውና እዚያ ልረመው?»

ሰውዬው አልሳቀም። ደንቡን አውጥቶ ገለጥ ገለጥ ሲያደርግ ቆየና፣ ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ መመሪያ ገና አልወጣም አላቸው።

ማህተም ያረፈበትን ነገር ለምን ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። የቀረው ምክንያት መፈለግ ስለሆነ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴውም የቢጫው ቅጠል እንደሚበላ፣ ሥሩ ተቆልቶና ተፈልቶ እንደሚጠጣ፣ አበባው በስኳር ተቀቅሎ ዳቦ ላይ እንደሚቀባ አረጋገጠ። እውነት እንነጋገር ከተባለ ይህ ሁሉ ውሸት አይደለም፤ በዚያ መሥሪያ ቤት ኮሚቴ እውነት ሲናገር የመጀመሪያው ነው ይባላል። ሪፖርቱ ሲቀርብላቸው የኃላፊው ቅንድብ ለአፍታ ብድግ አለ። ይነቀል ያሉ ይመስላቸው ነበር። ፊርማው ግን የራሳቸው ነው፤ ሰው የገዛ ፊርማውን ካላመነ ማንን ሊያምን ነው? ይህን ካሰቡት መቆየታቸውን ተናገሩ፤ ተጨበጨበ።

ከዚያ ወዲያ ቢጫው «ስትራቴጂካዊ ሰብል» ሆነ። አጥር ታጠረለት፣ ሰሌዳ ተተከለለት፣ ሳያስፈልገው ውኃ ይጠጣ ጀመር። አበባው ሲደርቅ የሚያወጣው ነጭ ብናኝ በነፋስ ተነሥቶ በመስኮት እየገባ ተሰብሳቢውን ሁሉ አሸበተው። ኮሚቴው ሰብሉ በራሱ ተነሳሽነት እየተስፋፋ ነው ሲል በቃለ ጉባኤ አሰፈረ። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ቢያስነጥሰው የድጋፍ ሐሳብ ተብሎ ተመዘገበለት። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ቅጠሉ ተቀቅሎ ለሠራተኛው ምሳ ሆነ። ምሬቱ ሌላ ነው፤ ሰው ዓይኑ እንባ እያቀረረ ይጣፍጣል እያለ ይውጣል። ኃላፊው ብቻ ጨጓራቸው ስለማይችለው አርአያነቱን ለበታቾቻቸው ለቀቁ።

እትዬ አራት ነጥብ ጭንቅ ገባቸው። ሁለት ወር አልፏል፣ ከረጢታቸው ባዶ ነው፤ የሚነቀለው አይነቀልም፣ ሌላ አረም ደግሞ የለም። ኮሚቴው ይህንንም አሰበበት። ሰብል ባለበት አረም መኖሩ የግድ ነውና ለቃሉ አዲስ ትርጉም አወጣለት፤ አረም ማለት በሰብሉ መካከል የበቀለ፣ በመመሪያ ያልታቀፈ ተክል ነው። በዚህ ትርጉም መሠረት ግቢውን ቢያስሱት አረም ሆነው የተገኙት አጥሩ ሥር ያሉት ጽጌረዳዎች ናቸው። አትክልተኛው አሥራ አንድ ዓመት ያሳደጋቸው ናቸው። የሰው ኃይል ኃላፊው ራሱ ወርዶ በጣቱ አሳያቸው። ግንዳቸው ወፍራም ስለሆነ ከመቶ ኪሎ ያልፋሉ፣ እርስዎም በሰላም ጡረታዎ ላይ ይደርሳሉ አላቸው። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ልጁ ሊረዳቸው ፈልጎ ነው።

አትክልተኛው በር ላይ ሆኖ ሁሉን ሰምቷል። መጥቶ አጠገባቸው ቆመ፤ ጽጌረዳዎቹን ግን አላያቸውም።

«ይንቀሏቸው፣ እትዬ» አለ። «ጡረታዎ ከሚቀር እነሱ ይቅሩ።»

«አልነቅልም» አሉ።

መቆፈሪያውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ሄዱ። ጀግና ስለሆኑ አይደለም፤ ማታ ማታ እንቅልፍ እስኪያጡ ድረስ ፈርተዋል። ግን አልነቀሉም። ሦስት ወሩ ሲያልቅ ሚዛኑ ዜሮ አለ፤ የስንብት ደብዳቤያቸውም ተተየበ።

በዚያው ሳምንት የበላይ አካል የቢጫውን ዝና ሰምቶ ለኃላፊው የዓመቱን የፈጠራ ሽልማት ሰጠ። ዋንጫ መጣ፣ ንግግር ተደረገ። ከዋንጫው ጋር አንዲት ትሑት ጥያቄም መጣች፤ ይህ ድንቅ ሐሳብ መጀመሪያ የፈለቀበት በእጅ የተጻፈው ረቂቅ በመስታወት ሣጥን ሆኖ ለጎብኚ እንዲታይ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ይላክልን ትላለች። ኃላፊው ረቂቁን ከመዝገብ ቤት አስወጡት። አነበቡት። በሩን ዘግተው ደግመው አነበቡት። ከዚያ እትዬ አራት ነጥብ ተጠሩ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ተዘርግቷል። በግራ በኩል ገና ያልተፈረመበት ስንብታቸው፣ በቀኝ በኩል ረቂቁ።

«ይህ ረቂቅ ስህተት አለበት» አሉ ኃላፊው።

እትዬ አራት ነጥብ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ይነቀል ይላል። «ይሄኛውማ ትክክል ነው፣ ጌታዬ። ስህተቱ የተተየበው ላይ ነው።»

«የተተየበው ለአምስት ክፍል ደርሷል። ኮሚቴ አጽድቆታል፣ ሠራተኛው በልቶታል፣ እኔ ተሸልሜበታለሁ። ከዚህ ሁሉ ጋር አልስማማ ያለው ይህ አንድ ወረቀት ነው። ታዲያ የሚታረመው የቱ ነው?»

አንዲት «አ» ናት፣ ራስዎ ቢጽፏትስ አሏቸው እትዬ። ኃላፊው ደነገጡ። እሳቸው ቢነኩት ማጭበርበር ይሆናል፤ አራሚ ቢነካው ግን እርማት ነው። ቀጥለውም የሁለተኛ ፎቁ ወንበር ከመስኮቱ ጋር ዛሬውኑ እንደሚመለስላቸው፣ የቀረቻቸውን ስድስት ወር ማንም ሳይነካቸው እንደሚጨርሱ ነገሯቸው። እትዬ አትክልተኛውንና ጽጌረዳዎቹን አነሡ። ለዚህም መላ አልጠፋም። አትክልተኛው የሰብል ባለሙያ ተብሎ ይመለሳል፣ ጽጌረዳዎቹ በረዳት ሰብልነት ይመዘገባሉ።

እትዬ አራት ነጥብ ረቂቁን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠሩ የተጣመመ አቅንተዋል እንጂ የቀና አጣመው አያውቁም። ስድስቱን ወር አሰቡ፣ የቤታቸውን ኪራይ አሰቡ፣ ባዶውን ከረጢት አሰቡ። ከዚያ ረቂቁ የተጻፈበትን ሰማያዊ እስክሪብቶ አነሡ። ኃላፊው ሲጽፉ በቃልና በቃል መካከል ሰፊ ቦታ ይተዋሉ፤ አንዲት «አ» ተመችቷት ገባች። እጃቸው ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም፤ ያሳፈራቸውም ይኸው ነው። ኃላፊው ስንብቱን ቀደው ቅርጫት ውስጥ ጣሉት።

እትዬ ጫማቸውን ሊወስዱ ግቢ ሲወርዱ አትክልተኛው ጽጌረዳዎቹ ሥር ተንበርክኮ አፈር እየኮተኮተ ነበር። ቀና ብሎ አያቸው።

«ያ ስህተት ታረመ እንዴ፣ እትዬ?»

«ታረመ።»

«እንዴት አድርገው አረሙት?»

«ትክክሉን ነቅዬ» አሉት።